ከያናጊ ቤት ማዶ፦ ቶኪዮ የሚገኘውን ኒሆን ሚንጌይካን በደንብ አይቶ ለመውጣት

ቶኪዮ የምትሄዱ ከሆነና ለሥነ ጥበብ ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ያን ግማሽ ቀን ለኒሆን ሚንጌይካን፣ ማለትም ለጃፓን ሕዝብ የእጅ ሥራ ሙዚየም፣ ስጡት። ኡዌኖ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ትልቅ ነው፣ ሀብታም ነው፣ አልቃወምም። ይሄኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ኮማባ በሚባል ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በገዛ ዓይኑ እየመረጠ የሰበሰበው ዕቃ፣ እሱ ራሱ ባቀደው ሕንፃ ውስጥ ተቀምጧል። መንገዱን ስትሻገሩ ደግሞ ሰውየው የኖረበት ቤት አለ። ያናጊ ሶኤትሱ ይባላል፤ ከ1889 እስከ 1961 የኖረ የሃይማኖትና የሥነ ጥበብ ፈላስፋ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይዘጋጁ ከሄዱ ግን ቦታው በቀላሉ ያመልጣል። ቤቱ የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው፣ ዕቃዎቹ ላይ የተጻፈው ማብራሪያም በጣም ትንሽ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በግማሽ ሰዓት ዞሮ ይወጣል። ስለዚህ ከቀን አመራረጥ እስከ አስተያየት ድረስ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ታሪኩን ያዙ

ይሄን አትዝለሉት። ውስጥ ስትገቡ የሚነግራችሁ ሰው የለም።

ያናጊ በወጣትነቱ ሺራካባ የሚባል የጸሐፊዎችና የሥነ ጥበብ አፍቃሪዎች ቡድን አባል ነበር። ቡድኑ ከፈረንሳዊው ቀራፂ ሮዳን ሦስት ትንንሽ የነሐስ ሥራዎች በስጦታ ተልከውለት ነበርና በያናጊ ቤት ተቀምጠው ነበር። በ1914 አሳካዋ ኖሪታካ የሚባል፣ ኮሪያ ውስጥ የሚያስተምር መምህር፣ እነሱን ለማየት መጣ። ባዶ እጁን አልመጣም። አንድ የኮሪያ ማሰሮ ይዞ ነበር። ያናጊ የሮዳንን ነሐስ ሊያሳይ ተዘጋጅቶ ሳለ ልቡን የወሰደው ማሰሮው ሆነ። ከዚያ በኋላ ኮሪያ ተመላልሶ ሄደ፣ ሰበሰበ፣ ጻፈ። በ1922፣ ኮሪያ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ ሴኡል የሚገኘው ጓንግህዋሙን የተባለው የቤተ መንግሥት በር ሊፈርስ መሆኑን ሰምቶ በአደባባይ ተቃውሞ ጻፈ። ለአንድ ጃፓናዊ ያኔ ቀላል ነገር አልነበረም። በሩም ጨርሶ ከመጥፋት ተርፎ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። በ1924 ደግሞ ከኖሪታካ ወንድም ከታኩሚ ጋር ሆኖ እዚያው ሴኡል የኮሪያ ሕዝብ የእጅ ሥራ ሙዚየም ከፈተ።

ከዚያ ዓይኑን ወደ አገሩ መለሰ። ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር በ1925 «ሚንጌይ» የሚለውን ስያሜ አወጡ፤ ተራው ሕዝብ ለዕለት ኑሮው ሠርቶ የሚገለገልበት የእጅ ሥራ ማለታቸው ነው። ሐሳቡ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጀበና የሠራችው ሴት ስሟን አትጽፍበትም፤ ቡናው ተፈልቶ እንዲቀዳ ነው የሠራችው፤ ውበቱ ግን ማንም ያየዋል። ያናጊ ዕድሜውን ያሳለፈው ልክ እንደዚህ ያለ ዕቃ ፍለጋ ነው።

ስብስቡ ሲበዛ ለቶኪዮው የንጉሠ ነገሥቱ ሙዚየም በስጦታ እንስጥ ብለው ጠየቁ። አልፈለጋቸውም። ያኔ ነው የራሳችንን እንሥራ ያሉት። ገንዘቡ በዋናነት የመጣው ከኩራሺኪው የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ከኦሐራ ማጎሳቡሮ ሲሆን፣ መቶ ሺህ የን ሰጣቸው። ሙዚየሙ በ1936 ተከፈተ፤ ያናጊም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ዛሬ ስብስቡ ወደ 17,000 የሚጠጋ ዕቃ አለው።

ቀኑን ምረጡ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው

ዋናው ሕንፃ ሰኞ ዝግ ነው። ሰኞ ብሔራዊ በዓል ከሆነ ግን ሰኞ ከፍቶ በማግስቱ ይዘጋል። በአውሮፓውያኑ ዓመት መጨረሻና አዲስ ዓመት ሰሞንም ዝግ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ኤግዚቢሽን በሚቀየርበት ጊዜ ሙዚየሙ በሙሉ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይዘጋል። ሁሌ ግድግዳው ላይ የሚቆይ ቋሚ ስብስብ የለም። በዓመት ውስጥ የተለያዩ ኤግዚቢሽኖች ይፈራረቃሉ፤ አንዱ ስለ ኦኪናዋ ጨርቅ ይሆናል፣ ሌላው ስለ ኮሪያ ሸክላ። አንድ የተለየ ዕቃ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ መታየቱን በድረ ገጻቸው አረጋግጡ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የያናጊ መኖሪያ፣ «ምዕራብ አዳራሽ» የሚሉት፣ ኤግዚቢሽን ባለበት ወር በአራት ቀናት ብቻ ነው የሚከፈተው። በአውሮፓ አቆጣጠር የወሩ ሁለተኛና ሦስተኛ ረቡዕ፣ እንዲሁም ሁለተኛና ሦስተኛ ቅዳሜ። አቆጣጠሩ ላይ ተጠንቀቁ፤ ሁለተኛው ረቡዕ ማለት በወሩ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው ረቡዕ ነው እንጂ በካላንደሩ ሁለተኛ መስመር ላይ ያለው አይደለም። ወሩ ሐሙስ ቢጀምር ሁለቱ ይለያያሉ።

ረቡዕና ቅዳሜ ሁለቱም ከተመቻችሁ ረቡዕን ውሰዱ። ሕዝቡ ያንሳል።

ዋናው ሕንፃ ከጠዋቱ 4 እስከ 11 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ክፍት ሲሆን የመጨረሻው መግቢያ 10 ሰዓት ተኩል ነው። በስልካችሁ የምታዩት 10:00፣ 17:00 እና 16:30 ብሎ ነው። ምዕራብ አዳራሹ ቀደም ብሎ በ16:30 ይዘጋል፣ የመጨረሻው መግቢያም 16:00 ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ ዋናውን ሕንፃ ስታዩ ቤቱ ይዘጋባችኋል። በጠዋት ሂዱ። ዋጋና ሰዓት ሊቀየር ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት አንዴ አረጋግጡ፤ ጥሬ የንም ያዙ።

ቪዛና በረራ፣ ባጭሩ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ ባለው የጃፓን ኤምባሲ ነው የሚጀመረው። ቪዛው ሳይወጣ የማይመለስ ትኬት አትግዙ። የአሜሪካ ወይም የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል የቶኪዮው ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል፤ ከናሪታ ደግሞ ናሪታ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ሳትወርዱ ቶኪዮ ውስጥ ያለው ሺቡያ ጣቢያ ያስገባችኋል።

መንገዱ

ከሺቡያ የኬይዮ ኢኖካሺራ መስመርን ያዙ። ኮማባ-ቶዳይማኤ ሁለተኛው ፌርማታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ፈጣኑ ባቡር እዚያ አይቆምም። በየጣቢያው የሚቆመውን ተሳፈሩ። በስህተት ፈጣኑን ከያዛችሁ ቀጥታ ሺሞኪታዛዋ ያወርዳችኋል፤ አትደንግጡ፣ ማዶ ተሻግራችሁ ወደ ሺቡያ የሚመለሰውን ዘገምተኛ ባቡር ብትይዙ ሁለት ፌርማታ ነው። ሱይካ ወይም ፓስሞ የሚባለው የባቡር መክፈያ ካርድ ካላችሁ ትኬት ለመቁረጥ መሰለፍ የለባችሁም።

በምዕራብ መውጫ ውጡ። በሌላው በኩል ከወጣችሁ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ደጃፍ ላይ ነው የምትገኙት። ከዚያ ወደ ሰባት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፣ ሁሉም በመኖሪያ ቤቶች መሃል። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ይኖራል፤ ድምፃችሁን ቀነስ አድርጉ። ስትደርሱ በአንድ በኩል የታችኛው ግድግዳው በድንጋይ የተለበጠ፣ ባለ ጥቁር ክዳን ነጭ ሕንፃ ታያላችሁ፤ እሱ ዋናው ነው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጣሪያው ጭምር ድንጋይ የሆነ ረጅም የበር ቤት አለ። እሱ የያናጊ ግቢ መግቢያ ነው። ያ የበር ቤት እዚያ የተሠራ አይደለም፤ ከቶቺጊ ክፍለ ግዛት ተነቅሎ መጥቶ ነው የተተከለው። የጣሪያው ድንጋይ ኦያ የሚባለው፣ ለመጥረብ የሚመች፣ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው የአካባቢው ድንጋይ ነው።

በሩ ላይ

ተንሸራታቹን በር ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ ግቡ። ጫማ ታወልቁና የቤት ነጠላ ጫማ ታደርጋላችሁ። ስለዚህ ያልተቀደደ ካልሲ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ። የብርድ ወቅት ከሆነ ወፈር ያለ ካልሲ። ትልቅ ቦርሳ ይዛችሁ በጠባብ ክፍል ውስጥ አትዙሩ፤ ሺቡያ ጣቢያ ሎከር ውስጥ አስቀምጡት ወይም መቀበያው ላይ ጠይቁ። ፎቶን በተመለከተም ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሌላ ሰው ሲያነሳ ስላያችሁ ብቻ አታንሱ። እግረ መንገዳችሁንም ቤቱ ዛሬ ክፍት መሆኑንና እንዴት እንደሚገባ እዚያው ጠይቁ።

አስተያየቱ፦ መጀመሪያ ዓይን፣ ከዚያ ጽሑፍ

ያናጊ በጽሑፉ ደጋግሞ የሚለው ነገር አለ፦ ከማወቅ በፊት ማየት። ሙዚየሙ የተሠራውም በዚህ ነው። ጥቁር ትንሽ ሰሌዳ ላይ በቀይ በእጅ የተጻፈ ስም፣ ቦታና ዘመን፣ በቃ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ታስቦበት ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

አንዴ ዋናውን ሕንፃ በሙሉ ምንም ሳታነቡ ዙሩ። ስልክ ኪስ ውስጥ። ከመግቢያው አዳራሽ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ የሚወጣ ትልቅ የእንጨት ደረጃ አለ። መጀመሪያ ታች ያሉትን ክፍሎች፣ ከዚያ ላይኛውን ፎቅና ትልቁን አዳራሽ እዩ። የዕቃ ማሳያዎቹ ራሳቸው ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፣ ብርሃኑም በወረቀት መስኮት ተጣርቶ ነው የሚገባው፤ ደማቅ መብራት አትጠብቁ። በዚህ ዙር ሥራችሁ አንድ ብቻ ነው፦ እግራችሁን ያስቆማችሁን ዕቃ መያዝ። ሦስት ወይም አራት ይበቃል።

ሁለተኛው ዙር ወደ እነዚያ ብቻ ነው። አሁን ሰሌዳውን አንብቡ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ ተርጉሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። እያንዳንዱ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ቁሙ፤ ሁሉን ለመጨረስ አትሩጡ። ከ17,000 ዕቃ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታየው ጥቂቱ ስለሆነ ሁሉን ማየት እንኳ ብትፈልጉ አይቻልም።

ምን ላይ ዓይናችሁ ቢያርፍ ጥሩ ነው? የሚታየው ይለያያል፣ ግን እነዚህን ካገኛችሁ አትለፏቸው።

የመጀመሪያው ያ የ1914ቱ ማሰሮ ነው። 18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ ነጭ ፖርሴሊን፣ ጎኑ በቢላ ተጠርቦ ጠፍጣፋ ገጾች የወጡለት፣ በሰማያዊ ቀለም ጥቂት የመከር ሣር የተሳለበት። ገጾቹ እኩል አይደሉም። ሣሩም በጣት በሚቆጠሩ መስመሮች ነው የተሳለው፣ የቀረው ሁሉ ነጭ ባዶ ነው። የሚገርመው ዕቃው ሙሉ አለመሆኑ ነው፤ በመጀመሪያ የቅል ቅርጽ ያለው ጠርሙስ ነበር፣ ዛሬ የቀረው የታችኛው ክፍሉ ብቻ ነው። ይሄ ሙዚየም በሙሉ የመነጨው ከአንድ ጎደሎ ዕቃ መሆኑን እያሰባችሁ እዩት።

ሁለተኛ፣ ከሰሜን ጃፓን ከጹጋሩ የመጣው ኮጊን የሚባለው የገበሬ ልብስ። እዚያ ገበሬው ጥጥ እንዳይለብስ የተከለከለበት ዘመን ነበር። የተፈቀደለት ተልባ መሰል የሄምፕ ጨርቅ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ለዚያ ብርድ ስስ ነው። ሴቶቹ ታዲያ በሰማያዊ የተነከረውን ሄምፕ በነጭ የጥጥ ክር እየሰፉ ቀዳዳውን ደፈኑት። ቀርባችሁ ብታዩ መርፌው የሚዘለው የክር ብዛት ጎዶሎ ነው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ከዚያ ቆጠራ ነው ያ ሁሉ የአልማዝ ቅርጽ የሚወጣው። ጥልፍ የምታውቁ ሰዎች እዚህ ጋ ብዙ እንደምትቆዩ እርግጠኛ ነኝ። ጌጥ ሊሠሩ ተቀምጠው አይደለም፤ ልብሱ እንዲሞቅና ቶሎ እንዳያልቅ ነው።

ሦስተኛ፣ ምግብ ምድጃ ውስጥ የሚጋገርባቸው የእንግሊዝ የሸክላ ሳህኖች። ጃፓን ውስጥ ምን ይሠራሉ ትሉ ይሆናል። ያናጊና ጓደኞቹ የሚንጌይን ውበት በየትም አገር ፈልገውታል፣ እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ በርናርድ ሊችም የቅርብ ወዳጃቸው ነበር። ሳህኑ ላይ እርጥብ ነጭ ጭቃ በመስመር ይፈስበታል፣ ሳይደርቅ በሹል ነገር ይጎተታል፣ መስመሩም እየተወዛወዘ ይሄዳል። በሰከንዶች የሚያልቅ ሥራ ነው፤ እጁ ካመነታ ያስታውቃል።

ከእነዚህ ውጪ የኦኪናዋ ቢንጋታ ጨርቆች አሉ፣ ቀለማቸው ደማቅ ነው። ኦትሱ በሚባል ከተማ መንገደኛ እየገዛቸው ያልፍ የነበሩ ርካሽ ሥዕሎች አሉ። የሰሜን ጃፓን ነባር ሕዝብ የሆኑት የአይኑ ልብሶችም አሉ። በስማቸው የታወቁት የሐማዳ፣ የካዋይ፣ የጨርቅ ነካሪው የሴሪዛዋ ኬይሱኬና የእንጨት ኅትመት ሠሪው የሙናካታ ሺኮ ሥራዎችም ከስብስቡ ናቸው። የሙናካታን ሥራ ያናጊ በ1936 ለአዲሱ ሙዚየም ብሎ ነበር የገዛው፣ ሰውየው ገና ሳይታወቅ።

ቤቱ ውስጥ

መንገዱን ተሻገሩ። በዚያ ባለ ድንጋይ ጣሪያ የበር ቤት አልፋችሁ ነው የምትገቡት። ዋናው ቤት በ1935 ያለቀ፣ ያናጊ ራሱ ያቀደው፣ እስኪሞት የኖረበት ነው።

እዚህ ስትገቡ የአስተያየት ዘዴያችሁን ቀይሩ። ማዶ ያያችሁት ዕቃ ነው፤ እዚህ የምታዩት ዕቃው እንዴት እንደሚኖርበት ነው። የመመገቢያ ክፍሉ ወለሉ እንጨት ነው፣ ወንበርና ጠረጴዛ አለው። አጠገቡ የእንግዳ ክፍል አለ፣ ታታሚ የሚባለው የሣር ምንጣፍ የተነጠፈበትና ከመመገቢያ ክፍሉ ከፍ ያለ። ከፍታው በዘፈቀደ አይደለም። ታታሚ ላይ የተቀመጠ ሰውና ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ለዓይን እንዲተያዩ ነው። የጃፓንና የአውሮፓ አኗኗር በአንድ ቤት እንዴት ይስማማሉ ለሚለው ጥያቄ ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል፤ ያናጊ በአንድ ደረጃ መልሶታል። ዝቅ ብላችሁ ከሁለቱም በኩል እዩት።

የያናጊ ሚስት ካኔኮ የታወቀች የአልቶ (ወፍራም የሴት ድምፅ) ዘፋኝ ነበረች፤ የሙዚቃ ክፍሏም እዚያው ታች ነው። ይህን ክፍል ተቻኩላችሁ አትለፉት። ያናጊ ለሰበሰበው ብዙ ወጪ የተሸፈነው እሷ በኮንሰርት በምታገኘው ገንዘብ ጭምር ነው፤ የእሷ ድምፅ ባይኖር ማዶ ያለው ስብስብ እንዲህ አይሆንም ነበር ብዬ አምናለሁ። ፎቁ ላይ የያናጊ የጥናት ክፍል አለ፣ ከነመጻሕፍት መደርደሪያው። ልጃቸው ያናጊ ሶሪ ደግሞ የታወቀ የዕቃ ንድፍ አውጪ ነበር፤ በ1954 የሠራት የቢራቢሮ በርጩማ ዛሬም ትሸጣለች። በኋላ እሱም የሙዚየሙ ዳይሬክተር ሆኗል።

ታታሚ ላይ በነጠላ ጫማ አትርገጡ፣ በካልሲ ብቻ። ምሰሶና የወረቀት በር አትንኩ፤ ወረቀቱ በጣት ይቀደዳል።

ከወጣችሁ በኋላ

ከመሄዳችሁ በፊት የሙዚየሙን ሱቅ እዩ። ዛሬ በሕይወት ያሉ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች የሠሩትን የዕለት መገልገያ ነው የሚሸጠው። አንድ የሻይ ስኒ ብትገዙ ይሻላል፣ ከዚያም ተጠቀሙበት፤ መስታወት ውስጥ አታስቀምጡት። በእጅ ሻንጣ ያዙት እንጂ ለካርጎ አትስጡት።

ጊዜ ከተረፋችሁ ጎኑ ያለው የኮማባ መናፈሻ ውስጥ ግቡ። እዚያ የማርኪስ (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ማኤዳ ቤተሰብ የነበረ፣ በ1929 የተሠራ የእንግሊዝ ዓይነት ትልቅ መኖሪያ አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው። ከያናጊ ቤት ወጥቶ ወዲያው እሱን ማየት ጥሩ ነው፣ በአንድ ሰፈር፣ በተቀራረቡ ዓመታት፣ ሁለት ሰዎች ጥሩ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ምን ያህል ተለያይተው እንዳሰቡ ታያላችሁ።

ነገሩ ልባችሁን ከያዘውና ጉዟችሁ ኪዮቶ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ፣ የካዋይ ካንጂሮን ቤት እለፉበት። ጎጆዛካ የሚባለው መንገድ አጠገብ ነው። እሱም ቤቱን ራሱ አቅዶ በ1937 የሠራው ሲሆን፣ በጓሮው ዳገቱን ተከትሎ የሚወጣ ትልቅ የሸክላ መተኮሻ እቶን አለ፤ ጎንበስ ብላችሁ በአፉ ወደ ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። እሱም ሰኞ ዝግ ነው፣ በኦገስት አጋማሽ ሰሞንና በአውሮፓውያኑ ዓመት መጨረሻም ይዘጋል፤ ቀኑን ስታወጡ ይሄንንም አብራችሁ ቁጠሩ።